የፈረሰው ለሚሠራው፦ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የግንባታ ዕቃን መልሶ ስለ መጠቀም

በሰሜን ጎንደር ደጋ ድርቅ በተከሰተ፣ ጦርነት ባለፈ ወይም ሕዝብ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ከእህል ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የመጠለያ ጥያቄ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው የሰሜኑ ጦርነት በዳባትና በአዲ አርቃይ ወረዳዎች ቤት ንብረት ሲያወድም፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የደረሰው የዝናብ እጥረትም ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ክፉኛ ሲጎዳ፣ ከቀዬው የተነሣው ሕዝብ ቁጥር ከፍ ብሎ ነበር። መጠለያ ደግሞ ዕንጨት፣ ድንጋይ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይፈልጋል። ዕንጨቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ድርቁና መሸርሸሩ ካራቆተው ተዳፋት ነው። ሲሚንቶውም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ተጉዞ ይደርሳል። እንዲህ በመሆኑ የዛሬውን ችግር ለማቃለል የሚሠራው ቤት ለነገው ድርቅ መንገድ የሚጠርግበት ጊዜ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነገሮችን ማስረዳት ነው። የመጀመሪያው፣ በደጋው ምድር ዋጋው ዝቅተኛ የሆነውና አየርን እምብዛም የማይበክለው የግንባታ ዕቃ አስቀድሞ በሌላ ቤት ላይ ያገለገለው ዕቃ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ዕቃ ዳግም አገልግሎት ሊሰጥ የሚችለው አፍራሹ፣ አምራቹ፣ ንድፍ አውጪው፣ ግንበኛውና ገንዘብ ከፋዩ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ሲስማሙ መሆኑን ነው።

የካርቦን ልቀቱ ከየት ይመጣል?

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚግል ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ነው። በዚህ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሁለት ምንጮች ይወጣል። አንደኛው ምንጭ ምድጃውን ለማጋል የሚነደው የድንጋይ ከሰል ወይም ሌላ ነዳጅ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምንጭ ድንጋዩ ራሱ ነው። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 100 ኪሎ ግራም ሲቃጠል 56 ኪሎ ግራም ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ ፋብሪካው ነዳጁን በሙሉ ቢለውጥ እንኳ ከድንጋዩ የሚወጣው ልቀት አይቀርም። በዓለም ደረጃ ሲታይ አንድ ቶን ሲሚንቶ ለማምረት ወደ 600 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ በአጠቃላይም ሰው ሠራሽ ከሆነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከመቶ 7 እስከ 8 የሚሆነውን ይሸፍናል።

ኢትዮጵያ በዓለም ልቀት ያላት ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አየር ንብረትን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በኢንዱስትሪው ዘርፍ ሲሚንቶን ከዋነኞቹ የልቀት ምንጮች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ለዕርዳታ ሠራተኛው ግን ከልቀቱ አስቀድሞ የሚታየው ዋጋውና መንገዱ ነው። ለጎንደር ቅርብ ከሆኑት ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው የመቀሌው መሰቦ በጦርነቱ ጊዜ ከገበያው በመለየቱ፣ በነዚያ ዓመታትም በመላ አገሪቱ የሲሚንቶ እጥረት በመድረሱ፣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ለማግኘት ረጅም ጊዜ መጠበቅ ግድ ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ መመረቁ የአገሪቱን የማምረት ዐቅም ከፍ አድርጎታል። ሆኖም ከለሚ እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ የማጓጓዣው ወጪና የመኪናው ጭስ በያንዳንዱ ኩንታል ላይ ይታከላል።

ከጎንደር ግንቦች የሚገኝ ትምህርት

የጎንደር አገር ለግንብ ሥራ እንግዳ አይደለም። በኖራ የመገንባት ጥበብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ወደ ጣና አካባቢ ከገባ በኋላ፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ባደረጉ ጊዜ ግንበኞች የአካባቢውን ጥቁር ድንጋይ በኖራ እያያያዙ ዛሬም የሚታዩትን አብያተ መንግሥት አቁመዋል። በዚህ ሥራ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች ከፍ ያለ ድርሻ እንደ ነበራቸው ታሪክ ይመሰክራል። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመው ትምህርት የሚገኘው ከጥገናው ታሪክ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ሲሚንቶና አርማታ በጥንታዊው ግንብ ውስጥ ገብቶ ነበር። በኋላ በተደረጉት ጥገናዎች ግን ባለሙያዎች ወደ ኖራው ተመለሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰ ስለሆነ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ግንቡ ሲንቀሳቀስም የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ሳይሆን መያዣው ይሆናል። ሲሚንቶ ግን ከድንጋዩ የጠነከረ በመሆኑ እርጥበቱን ወደ ድንጋዩ ይገፋል፤ ግንቡ በሚፈርስበትም ጊዜ ድንጋዩን ይዞ ይሰበራል።

ዕቃን መልሶ የመጠቀም መሠረታዊ ደንብ የሚገኘው ከዚሁ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ሲፈርስ ሙሉውን ይወጣል፤ ተጠርጎም ለሌላ ግንብ ይሆናል። በጠንካራ የሲሚንቶ ቡኬት የተያያዘ ድንጋይና ብሎኬት ግን ብዙው ተሰብሮ ለሙሌት ብቻ ይቀራል። ኖራም ቢሆን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀቁ አይካድም። ነገር ግን ግንቡ ላይ ሲደርቅ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ እየሳበ ወደ ድንጋይነት የሚለወጥ ከመሆኑም በላይ የሚቃጠለው ከሲሚንቶ ባነሰ ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ዕቃን መልሶ መጠቀም ማለት ከጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከፈረሰ ቅጥር ድንጋይ ማንሣት ማለት አይደለም። በጎንደርና በዙሪያዋ የሚገኝ ማንኛውም የቆየ ግንብ ከመነካቱ በፊት የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሊጠየቅ ይገባል።

የሠፈራ ሥራ ያስገኘው ልምድ

በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከያዛቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው ሠፈራ ነበር። በዚያ ዘመቻ 600,000 ያህል ሰዎች በድርቅ ከተጎዱት የሰሜንና የማዕከላዊ አውራጃዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተዛውረዋል። ጎጆዎቹን ለማቆም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ጭምር ተሰልፈው ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከአካባቢው ደን በተቆረጠ ዕንጨት በመሠራቱ በየሠፈራው ጣቢያ ዙሪያ የነበረው ደን ተመናመነ። ሠፈራው በሌሎች ጉዳዮችም፣ በተለይም በሠፋሪው ፈቃደኝነት ረገድ፣ ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበታል።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሁለተኛ ሠፈራ ደግሞ ከደጋው የተነሡ አባወራዎች ወደ መተማና ቋራ ቆላ ወርደዋል። በዚያ የሚገኘው ደን የእጣን ዛፍና የቆላ ቀርከሃ ያለበት፣ ለነዋሪው የገቢ ምንጭ የሆነ ደን ነው። አንድ ሠፋሪ ቤተሰብ ምሰሶ፣ ቋሚ፣ ወራጅና ማገር ሲቆርጥ፣ ቀጥሎም ለማሳ ሲመነጥር፣ ነገ ሊኖርበት ከሚችለው ሀብት ላይ ይቀንሳል።

በደጋው በኩል የሚጠቀሰው የግጭ መንደር ጉዳይ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ግድም ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ከሚገኙ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። አንድ መንደር በሙሉ በሚነሣበት እንዲህ ባለ ጊዜ ለዕቅድ አውጪው ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም በአዲሱ ሥፍራ የሚፈለገው ዕቃ መጠንና በአሮጌው ሥፍራ የሚቀረው ዕቃ መጠን ነው። ካሣ በገንዘብ ብቻ ሲተመን ሁለተኛው ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል።

የደጋው ገበሬ ግን ይህን ቁጥር ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቤቱን በሚያዛውርበት ጊዜ ምሰሶውን፣ ወራጁን፣ በሩንና መቃኑን ነቅሎ ይወስዳል። አፈር ውስጥ የበሰበሰውን የቋሚውን ጫፍ ቆርጦ ቀሪውን ለማገር ያውለዋል። የወይራና የጽድ ምሰሶ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉም የተለመደ ነው። በከተማም አሮጌ ቆርቆሮ፣ ያገለገለ አጠና፣ በርና መስኮት ተገዝቶ ይሸጣል። ልማዱ ያለ ሲሆን የጎደለው የመንግሥትና የዕርዳታ ድርጅቶች አሠራር ይህን ልማድ አለመቀበሉ ነው።

የአንድ ቤት ስሌት

ነገሩን በቁጥር ለማየት 5 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ቤት ይወሰድ። የስፊር ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር፣ በብርዳማ አገር ደግሞ ከ4.5 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ሥፍራ እንዲሰጥ ስለሚያዝ፣ ይህ ቤት ለአምስት ሰው ቤተሰብ ተገቢ ነው። የቤቱ ዙሪያ 22 ሜትር ነው። መሠረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ወርድና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 6.6 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ ይወጣዋል። ከዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ፣ ማለትም 2.2 ሜትር ኩብ የሚሆነው፣ የማያያዣ ቡኬት ነው። ቡኬቱ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ለአንድ ቤት መሠረት ብቻ ሰባት ኩንታል ተኩል ያህል ሲሚንቶ ይፈጃል፤ ይህም ከ450 ኪሎ ግራም ያላነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ለ100 ቤቶች ሲሰላ 750 ኩንታል ሲሚንቶና 45 ቶን ልቀት ይሆናል።

መሬቱ ጠንካራ በሆነበት የደጋ ቀበሌ መሠረቱ በጭቃ ተገንብቶ፣ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ጎርፍና የጣሪያ ፍሳሽ በሚያገኘው የላይኛው ረድፍና የውጭ ፊት ላይ ብቻ ቢውል የሲሚንቶው መጠን ወደ ጥቂት ኩንታል ይወርዳል። ጥቁር አፈር በሆነበትና መሬቱ በሚያብጥበት ሥፍራ ግን ይህ ቁጠባ አይመከርም፤ የመሐንዲስ ምርመራ የግድ ነው።

የግድግዳውም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በደባርቅና በዙሪያዋ ሌሊቱ ብርዳም ነው። በጭድ የታሸ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ወይም የድንጋይ ግንብ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያሳድራል። ስስ ግድግዳና ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ግን ሙቀቱን ወዲያው ስለሚያስወጣው ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ ማገዶ እንዲያነድ ይገደዳል። ቤቱ ሲሠራ የዳነው ዛፍ ቤቱ ሲኖርበት እንዳይቃጠል ሁለቱንም አንድ ላይ ማሰብ ይገባል። በ2002 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከስዊስ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ከፍተኛ ተቋም ጋር በመተባበር ያቆመው ባለ ሁለት ፎቅ ናሙና ቤት፣ ከተጠቀጠቀ አፈርና ከስስ ጡብ በተሠራ ቅስት ወለልና ጣሪያ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል።

ትብብሩ በማን መካከል ነው?

በውጭ አገር ኢንዱስትሪዎች በዚህ ጉዳይ በጋራ መሥራት ጀምረዋል። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት፣ ሥራ ሰጪዎች፣ ተቋራጮችና አምራቾች የኮንክሪት ስምምነት ፈርመው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የዘርፉን ልቀት ከ1990 መጠኑ ቢያንስ በመቶ 30 ለመቀነስና ከፈረሰ ሕንፃ የሚወጣውን ኮንክሪት መልሶ ለመጠቀም ግዴታ ገብተዋል። ታላላቅ የዓለም የሲሚንቶና የኮንክሪት አምራቾች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ 2050 የሚደርስ የጋራ ዕቅድ አውጥቷል።

በአገራችንም መነሻ የሚሆን ሥራ አለ። ፋብሪካዎቻችን ፑሚስ የተባለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየቀላቀሉ የሚያመርቱት ፖርትላንድ ፖዞላና ሲሚንቶ በምድጃ የሚቃጠለውን ክፍል ስለሚቀንስ ልቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ለግንብና ለልስንም በቂ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ የአንዳንድ ግዥ ሰነዶች ለልስን ሥራ ጭምር ኦርዲናሪውን ሲሚንቶ ይጠይቃሉ። የተቃጠለ ሸክላ አፈርና ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ የሚቀላቀልበት አዲሱ የሲሚንቶ ዓይነት ደግሞ ልቀቱን እስከ በመቶ 40 ሊቀንስ እንደሚችል በውጭ አገር ተረጋግጧል።

ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ኮብልስቶን ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ በአገሪቱ ከተሞች የተስፋፋው ይህ ሥራ ጎንደርም ደርሷል። ድንጋዩ ከአካባቢው ይወጣል፤ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በመዶሻና በመሮ ይጠርቡታል፤ በአሸዋ ላይ ይነጠፋል። የውሃ ቧንቧ መቅበር ሲያስፈልግ ተነሥቶ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። ይህ ሊሆን የቻለው የድንጋዩ መጠን አስቀድሞ ስለ ተወሰነ፣ ጠራቢው ስለ ሠለጠነ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ግዥውን ለማኅበራቱ ስለ ሰጠ ነው። በቤት ሥራም የሚያስፈልገው የዚሁ ዓይነት ስምምነት ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንድ ቤት ወይም መንደር ለመንገድ፣ ለከተማ ልማት ወይም ለሠፈራ ሲባል በሚነሣበት ጊዜ የሚከተሉት ተግባራት በቅደም ተከተል ቢፈጸሙ ሥራው የተቃና ይሆናል።

አንደኛ፣ ከማፍረስ በፊት ቆጠራ ይደረግ። የቀበሌው ሠራተኛ፣ አንድ አናጺና አንድ ግንበኛ ሆነው ምሰሶውን፣ ወራጁን፣ ቆርቆሮውን፣ በርና መስኮቱን፣ የመሠረቱን ድንጋይ ይመዝግቡ። ባለቤቱ ዕቃው የራሱ መሆኑ ይረጋገጥለት፤ ካሣው ሲተመንም ዕቃውን መውሰዱ እንደ ተቀናሽ አይታይበት።

ሁለተኛ፣ ጦርነት ባለፈበት ሥፍራ ያልፈነዳ ተተኳሽ አለመኖሩ በባለሙያ ሳይረጋገጥ ማንም ሰው ፍርስራሽ አይንካ።

ሦስተኛ፣ ማፍረስ ከላይ ወደ ታች፣ በእጅ ይሁን። በዶዘር የተገፋ ቤት ለሙሌት ካልሆነ በቀር ለምንም አይሆንም። ማፍረስ ከመገንባት ያላነሰ ሙያ ስለሆነ የቀን ሠራተኛው በዚሁ ሊሠለጥን ይገባል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በዚህ ረገድ ሊያግዙ ይችላሉ።

አራተኛ፣ ዕቃው በየዓይነቱ ይለይ። ያልበሰበሰና ምስጥ ያልነካው ዕንጨት ለቋሚና ለወራጅ፣ አጭሩ ለማገር ይዋል። ሚስማር የበሳው ቆርቆሮ ለማድ ቤት፣ ለከብት በረትና ለመጸዳጃ ክዳን ይሁን። ሙሉ ድንጋይ ለመሠረት፣ የብሎኬት ስባሪ ለወለል ሙሌትና ለውሃ መውረጃ ይዋል። ከተጎዳ ሕንፃ የወጣ ፌሮ ግን ተቃንቶ ለፎቅ ዓምድ ሊውል አይገባም፤ ለብረት ማቅለጫ ይሸጥ። ከብረት ማዕድን አንድ ቶን ብረት ለማምረት ሁለት ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቀቅ፣ ከቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ የሚቀልጠው ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኳ በአመዛኙ ከውሃ ኃይል ለሚገኝ አገር ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

አምስተኛ፣ ማከማቻ ይዘጋጅ። ዕቃው ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ እስከሚገነባበት ቀን ድረስ ዝናብ ካገኘው ዕንጨቱ ይበሰብሳል፤ ጠባቂ ካጣም በማገዶነት ያልቃል። ማከማቻ የሌለበት ዕቅድ ፍጻሜ የለውም።

የሚያጋጥሙ እንቅፋቶች

ለዚህ ሥራ ዋናው እንቅፋት ወረቀቱ ነው። የጨረታ ሰነድ በአብዛኛው አዲስ ዕቃን ብቻ ይጠይቃል፤ ለጋሹም ወጪውን የሚያረጋግጠው በፋብሪካ ደረሰኝ ነው። አሮጌ ምሰሶ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ሂሳብ ሹሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ዛፉ ይቆረጣል። መፍትሔው በቆጠራው መዝገብ ላይ ሦስት ወገኖች ማለትም ባለቤቱ፣ ቀበሌውና ድርጅቱ የፈረሙበትን ዝርዝር እንደ ሂሳብ ማስረጃ መቀበል ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ክብር ነው። ተጎጂው ለሌላው አዲስ ቆርቆሮ ሲሰጥ ለእርሱ አሮጌው ቢደርሰው እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል፤ ይህም ሊነቀፍ የሚገባው ስሜት አይደለም። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ለድኃው ብቻ የሚሰጥ መሆን የለበትም። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ፣ መጋዘኑና የድርጅቱ የመስክ ቢሮ ከዚያው ዕቃ ቢሠሩ፣ ለቤተሰቡም በዕቃው የዳነው ገንዘብ ለበር፣ ለኮርኒስና ለምድጃ ቢውል፣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በአስቸኳይ ወቅት በእጅ ማፍረስና መለየት እንደ መዘግየት ይታያል። ነገር ግን ሲሚንቶ ከፋብሪካ እስኪደርስ የሚጠበቀው ሳምንትና ወር ሲቆጠር፣ በሥፍራው የሚገኘው ድንጋይና ዕንጨት ብዙ ጊዜ ይቀድማል፤ የቀን ሥራውም እህል ላጣ ቤተሰብ ገቢ ይሆናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ይህን ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ቢይዘው ሸክም ይሆንበታል። ፋብሪካው ሲሚንቶውን በየአገልግሎቱ ቢለይ፣ ንድፍ አውጪው መያዣውን ድንጋዩን በማይጎዳ መንገድ ቢመርጥ፣ የማኅበራት ወጣቶች ማፍረስን እንደ ሙያ ቢይዙት፣ ለጋሹም የቆጠራውን መዝገብ ቢቀበል፣ ሁሉም የየድርሻውን ጥቂት ያነሣል። ለደባርቅ ወይም ለዳባት የሚመጣው ቀጣዩ የመጠለያ ዕቅድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚፈለገው ዕቃ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ያለውም ዕቃ መስፈሩ ነው።